በሩ ተከፍቶም ልጁ ደጅ ሲቀር

ሰኞ ጠዋት ነው። ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። መምህርቷ ፈገግ ብላ «ቅዳሜና እሁድን የት ዋላችሁ?» አለቻቸው። አንዷ አክስቷ ቤት ልደት ነበራት። ሌላው መጫወቻ ቦታ ሄዶ መኪና ነድቷል፤ ተርኮ አይጠግብም። ተራው ጥግ የያዘ አንድ ልጅ ጋ ደረሰ። የሹራቡን እጅጌ እያኘከ መሬት መሬቱን ያያል። «እሺ፣ ቀጣይ!» አለች መምህርቷ።

ይህን ያየሁት በእንግድነት በገባሁበት አንድ መዋዕለ ሕፃናት ነው። መምህርቷ ደግ ሰው ናት። በኋላ ስጠይቃት የልጁ እናት እሁድም ሥራ እንደምትገባ፣ እሱ ጎረቤት ዘንድ እንደሚውል ነገረችኝ። የገባው በነፃ ነው። ስሙም መዝገብ ላይ አለ። ያን ጠዋት ግን ልጁ ከሌሎቹ ጋር ነበር ለማለት ይከብደኛል።

የችግረኛ ቤተሰብ ልጆች መዋዕለ ሕፃናት ይግቡ ሲባል ወሬው ሁሌ ክፍያ ላይ ያልቃል። ክፍያው መነሳት አለበት፤ ይህ አያከራክርም። ግን ሌላም አጥር አለ። ምዝገባ መቼ እንደሚጀመር ቀድሞ የሚሰማው ሰው ያለው ወላጅ ነው። የልደት ምስክር ወረቀት ይጠየቃል፣ ቋሚ አድራሻ ይጠየቃል፣ ፎርም ይሞላል። ማንበብ የማይችል አባት መስኮቱ ጋ ትንሽ ቆሞ፣ አፍሮ ይመለሳል። ልጁ ከገባ በኋላ ደግሞ «ከቤት ይዛችሁ ኑ» ይመጣል። ዛሬ ከለር፣ ነገ ባለቀለም ወረቀት፣ ከነገ ወዲያ የልደት መዋጮ። አንድ በአንድ ሲታይ ትንሽ ነው። የሌላት እናት ግን የዚያን ቀን «አሞታል» ብላ ልጇን ታስቀራለች። መቅረት የሚጀምረው እንዲህ ነው።

ጣሊያናዊቷ ሐኪምና የሕፃናት ትምህርት ባለሙያ ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በጥር 1907 በሮም ሳን ሎሬንዞ ሰፈር «የልጆች ቤት» ብላ ስትከፍት የሰበሰበችው የድሃ ሠራተኞችን ልጆች ነበር። ወላጆቻቸው ሥራ ሲውሉ ሕንፃው ውስጥ ያለ ጠባቂ የሚቀሩ ሕፃናት ነበሩ። ዛሬ ስሟን በብዙ አገር የምናነበው ክፍያቸው በማይቀመስ ትምህርት ቤቶች በር ላይ ነው። ይህ ያንገበግበኛል።

«እንግዲያው ለእነሱ ለብቻቸው እንክፈትላቸው» የሚሉ አሉ። አልስማማም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ 3,000 ያህል ልጆችን የተከታተለ ትልቅ ጥናት ነበር። ጥሩ መዋዕለ ሕፃናት ለችግረኛ ልጆች በጣም እንደሚጠቅም፣ ይልቁንም ከተለያየ ኑሮ ከመጡ ልጆች ጋር ተቀላቅለው ሲማሩ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ይህ አይገርምም። ልጅ ቃል የሚለቅመው ከመምህሩ ብቻ አይደለም፤ አብሮት አሸዋ ከሚቆፍረው ልጅም ነው። «የእኔን ልጅ ወደኋላ ይጎትቱታል» የሚል ወላጅ ስጋቱ ይገባኛል። ግን መዋዕለ ሕፃናት የፈተና ውድድር አይደለም። ተራ መጠበቅን፣ መጫወቻ መካፈልን የሚማረው የሱም ልጅ ነው።

ስለ ቅድመ ትምህርት ጥቅም ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በአሜሪካ ሚሺጋን እ.ኤ.አ. በ1962 የተጀመረው የፔሪ ፕሮግራም ነው። 123 የችግረኛ ቤተሰብ ልጆች በሁለት ተከፈሉ። ገሚሱ ፕሮግራሙ ውስጥ ገባ፣ ገሚሱ አልገባም። 40 ዓመት ሲሞላቸው የገቡት በሥራም በገቢም የተሻሉ ነበሩ፤ የታሰሩበት ጊዜም ያነሰ ነበር። ይህን ሁሉም ያወራዋል። የሚረሳው ግን መምህራኑ በየሳምንቱ እያንዳንዱ ልጅ ቤት ሄደው ከእናቱ ጋር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይቀመጡ እንደነበር ነው። አንድ መምህር ደግሞ የሚይዘው ስድስት ያህል ልጆችን ብቻ ነበር።

እኔ ደጋግሜ የማስበው ያንን አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ከለሩን በጋራ ሣጥን ማድረግ ቀላል ነው። የሰኞውን ጥያቄ ቀይሮ «ዛሬ ስትመጡ መንገድ ላይ ምን አያችሁ?» ማለትም ምንም አይጠይቅም። ድመትም ውሻም ያላየ ልጅ የለም። ቤት ድረስ መሄድ ግን ጊዜ ይፈልጋል። አርባ ልጅ ይዛ የምትውል መምህርት፣ ማታ ድካሟን ይዛ በራሷ ትራንስፖርት የልጆቹን ቤት እንድታንኳኳ መጠየቅ ነውር ነው። ስለዚህ በጀት የሚይዙ ሰዎች ስለ ሕንፃና ስለ ወንበር ሲያወሩ፣ የቤት ጉብኝቱን ሰዓት የመምህርቷ የሥራ ሰዓት አድርገው ይጻፉት፤ ደመወዝም ይያዝለት።