ማስተካከያ፦ አሽዋጋንዳ «ጉዳት የለውም» ያልኩት ስህተት ነው

አሽዋጋንዳ በሕንድ ባህላዊ ሕክምና የሚታወቅ፣ በእንክብል ወይም በዱቄት የሚወሰድ ተክል ነው። ባለፈው ስለ እንቅልፍ ስጽፍ «አሽዋጋንዳ ከተክል ሥር ስለሚሠራ ጤነኛ ሰው እስከፈለገው ጊዜ ቢወስደው ምንም አይለውም» ብዬ ነበር። ትክክል አይደለም። ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ለሕዝብ ያወጣው መረጃ፣ ለእንቅልፍ ሊረዳ እንደሚችል ይናገራል። ደህንነቱ የታየው ግን እስከ 3 ወር ለሚሆን ጊዜ ብቻ ነው። አልፎ አልፎ የጉበት ጉዳትም ተመዝግቧል። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2023 ከልክላዋለች።

እኔን አምናችሁ የጀመራችሁ ካላችሁ ሰውነታችሁን ልብ በሉት። የዓይናችሁ ነጩ ክፍል ቢጫ ካለ፣ ሽንታችሁ እንደ ወፍራም ሻይ ከጠቆረ ወይም ቆዳችሁ ዝም ብሎ ካሳከካችሁ ወዲያው አቁሙና ሐኪም ጋ ሂዱ። የአሽዋጋንዳውን ብልቃጥም ይዛችሁ ሂዱ። ብዙ ሰው «ተክል እኮ ነው» ብሎ ለሐኪም ሳይናገር ይቀራል፤ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ጭራሽ አይውሰዱት። የታይሮይድ፣ የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት የምትወስዱ መጀመሪያ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

የተሳሳተውን ዓረፍተ ነገር አውጥቼዋለሁ። የቀድሞውን ጽሑፍ ያጋራችሁት ሰው ካለ ይሄንንም ላኩለት።