አርባ የሞላት ተዋናይት የት ትሂድ?

ፒያሳም ሆነ ስታዲየም አካባቢ የሚለጠፉ የፊልም ፖስተሮችን ልብ ብላችሁ እዩ። ሃያዎቹ ውስጥ ያለችው ተዋናይት መሃል ላይ ናት። ሠላሳ አምስት ሲያልፋት ወደ ዳር ትገፋለች። አርባ ሲሞላት ደግሞ በዕድሜ እምብዛም ለማትበልጠው ተዋናይ እናት ሆና ትመጣለች። ቡና ታፈላለች፣ ታለቅሳለች፣ ትመርቃለች። አለቀ። አብሯት የጀመረው ወንድ ግን አሁንም አፍቃሪ ሆኖ ይተውናል፤ የምትፈቀረዋ ልጅ ብቻ በየፊልሙ ትቀየራለች።

ይሄ ያናድደኛል። ተዋናይት ሙያዋ የሚበስለው እኮ ልክ በዚያ ዕድሜ ነው። ሐዘንን አይታለች፣ ወልዳለች ወይም ላለመውለድ ወስናለች፣ ሰው ቀብራለች። የምትሰጠን ነገር ሲበዛ እኛ በር እንዘጋባታለን።

ሰበቡ ሁሌም አንድ ነው፤ ተመልካቹ ወጣት ፊት ነው የሚፈልገው ይባላል። እኔ አላምንም። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ሲጀምር ወደ አማርኛ የተመለሱ የውጭ ድራማዎች የስንቱን ቤት ሳሎን እንደያዙ እናስታውሳለን። የአገር ውስጥ ባለሙያዎች ቅሬታ ከባድ ነበር፣ ብዙውም ተገቢ ነበር። ግን አንድ ነገር ሳንማርበት አለፈ። በእነዚያ ድራማዎች ውስጥ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ሴቶች ይነግዳሉ፣ ያፈቅራሉ፣ ይዶልታሉ፣ ቤተሰብ ያንቀጠቅጣሉ። ተመልካቹ ጥሏቸው ሄደ? እራቱን እያቀዘቀዘ ነው ያያቸው።

የራሳችን ታሪክም ይመሰክራል። አስናቀች ወርቁ ትወና የጀመሩት የሴትን ገጸ ባሕርይ ወንዶች በሚጫወቱበት፣ ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ነውር በሚታይበት ዘመን ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋንያን አንዷ ናቸው። ክራር ይደረድራሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ይተውናሉ። በመስከረም 2004 ዓ.ም. ሲያርፉ ሰው ያነሳው የወጣትነት መልካቸውን ብቻ አልነበረም፤ ድምፃቸውን፣ ድፍረታቸውን፣ ዕድሜ ልክ የዘለቀ ሥራቸውን ነው። ዓለምፀሐይ ወዳጆም ተውነዋል፣ ግጥም ጽፈዋል፣ ተውኔት ደርሰዋል፣ አዘጋጅተዋል።

መድረክ ለሴት ዕድሜ የተሻለ ቦታ አለው። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው ብሔራዊ ቴአትርም ሆነ ፒያሳ ጫፍ ያለው ሀገር ፍቅር ቋሚ ተዋንያን አሏቸው። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ግን በየወሩ ይመጣል። ፊልም ላይ አንድ ጊዜ ተከፍሏት ትሄዳለች። ተከታታይ ድራማ ላይ ክፍያው በክፍል ነው። ጸሐፊው ገጸ ባሕርይዋን አንድ ቀን «ውጭ አገር ሄደች» ብሎ ካሰናበታት ገቢዋም አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ የተዋናይትን የሥራ ዕድሜ የሚወስነው፣ ከካሜራውም ከፊቷም በፊት፣ የሚጻፈው ገጸ ባሕርይ ነው። በአርትስ ቲቪ የታየውን ተከታታይ ድራማ «እረኛዬ»ን እንውሰድ። ደራሲዎቹ ቤዛ ኃይሉ፣ አዜብ ወርቁና ቅድስት ይልማ ናቸው፤ ሦስቱም ሴቶች። እዚያ ውስጥ ሴት አያትም ክብደት አላት። ንግግሯ ታሪኩን ያንቀሳቅሳል። አዜብ ራሷ ተዋናይት ናት፤ «ስምንቱ ሴቶች»ን ከፈረንሳይኛ ተርጉማለች። በአንድ ተውኔት ለስምንት ሴቶች ሥራ ማለት ነው!

ነገሩ ለሴት ደራሲዎች ብቻ የሚተው ግን አይደለም። በ2006 ዓ.ም. በአሜሪካው የሰንዳንስ ፊልም ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘውን «ድፍረት» ፊልም የጻፈውና ያዘጋጀው ወንድ ነው፤ ዘረሰናይ ብርሃነ። ሜሮን ጌትነት የተጫወተችው ገጸ ባሕርይ ጠበቃ ናት። ሙያ አላት፣ ትከራከራለች፣ ትፈራለች፣ ትቀጥላለች። የማን ሚስት እንደምትሆን ለማወቅ አይደለም የምናያት።

ፕሮዲውሰሮቻችን ስክሪፕት ሲቀርብላቸው ከበጀቱ በፊት አንድ ነገር ቢጠይቁ ደስ ይለኛል፦ እዚህ ታሪክ ውስጥ አርባ ያለፋት ሴት የምትወስነው ነገር ምንድን ነው? መልሱ «ምንም» ከሆነ ስክሪፕቱ ወደ ጸሐፊው ይመለስ። ልጇን ከመዳር ሌላ ጉዳይ ይኑራት። ትነግድ፣ ትካሰስ፣ ታፍቅር፣ ትሳሳትም።