አሸንዳ ለመጥረግ ድጎማ አይጠበቅም

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምናገረው ደስ አይላችሁ ይሆናል። ዝም ብል ግን ያንገበግበኛል።

ከተማው ለታሪካዊ ቤቶች እድሳት ድጎማ እሰጣለሁ ባለ ቁጥር የክበቡ ቤት ትዝ ይለናል። ያ ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ሳንቲም አዋጥተው ያቆሙት፣ ልጆቻችን ሰው ፊት ቆመው መናገር የተማሩበት ቤት። ማመልከቻ እንጽፋለን፣ ፊርማ እናሰባስባለን። ጥሩ ነው፤ እኔም ፈርሜያለሁ። ግን ልጠይቃችሁ፦ ባለፈው ዓመት ቀና ብሎ የቤቱን አሸንዳ ያየ ከመካከላችን ማን ነው?

አሮጌ ቤትን የሚጥለው ዕድሜው ብቻ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ውኃ ነው። ቅጠል አሸንዳውን ይደፍነዋል። ውኃው መውረጃ ሲያጣ በግድግዳው ላይ ይፈሳል። የጣሪያው እንጨት ከጫፉ መበስበስ ይጀምራል፣ ምስጥም እርጥብ እንጨት ሲያገኝ አይምርም። ከዚያ አንድ ቀን ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ብቅ ይላል። እኛም «ቀለም ይቀባበት» ብለን እናልፋለን። መሰላልና ግማሽ ቀን ይበቃው የነበረ ሥራ እንዲህ እያለ ጣሪያ ቅየራ ይሆናል። ሳይቃጠል በቅጠል ሲባል ሰምተን ያደግን ሰዎች ነን እኮ!

የግድግዳውም ነገር አለ። ስንጥቅ ስናይ ፈጥነን በሲሚንቶ እንለስነዋለን። በኖራ የተገነባ ግድግዳ ግን የገባበትን እርጥበት በኖራው በኩል መልሶ ያወጣል። ሲሚንቶ ሲለሰንበት ይታፈናል። እርጥበቱ ውስጥ ይቀርና ጡቡን ይበላዋል። ባለማወቅ የተሠራውን አልወቅስም። የሚያውቅ ባለሙያ አንድ ጊዜ እንኳ ሳንጠይቅ መለሰናችንን ግን እወቅሳለሁ።

«ገንዘቡ ሲመጣ ሁሉም ይስተካከላል» የምትሉ ደግሞ ይህን ስሙ። የሪዮ ዴ ጄኔሮው ብሔራዊ ሙዚየም የተመሠረተው በ1818 እ.ኤ.አ. ነው። ለዓመታት ለጥገና በቂ በጀት አጥቶ ቆየ። በ2018 እ.ኤ.አ.፣ ልክ 200 ዓመት በሞላው ጊዜ፣ ከብራዚል የልማት ባንክ 21.7 ሚሊዮን ሬያል ለማግኘት በጁን ወር ውል ፈረመ። የእሳት መከላከያም በእቅዱ ውስጥ ነበር። ሴፕቴምበር 2 ማታ ሙዚየሙ ተቃጠለ። ገንዘቡ ገና አልደረሰም ነበር። እሳት አጥፊዎቹ ሲደርሱ በአቅራቢያው ካሉት የውኃ መስመሮች ውኃ አላገኙም። ይህን ሳስብ የእኛ ቤት የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ ፊቴ ላይ ይመጣል።

ድጎማው ቢፈቀድስ? ብዙ ጊዜ ከተማ ሙሉውን አይሸፍንም፤ የራሳችሁን ድርሻ አምጡ ይላል። አንዳንዱም ሥራው አልቆ ደረሰኝ ሲቀርብ ነው የሚከፍለው። ከፈቃዱ በፊት የተጀመረ ሥራ ላይታሰብ ይችላል። ስለዚህ መዋጮ ሲጠየቅ ጠፍታችሁ፣ በኋላ «ኮሚቴው በላው» የምትሉ እናንተ፣ ይህ ደግ አይደለም። ስብሰባው ላይ ተገኙና ሒሳቡን ጠይቁ። መብታችሁ ነው። የኮሚቴ አባላትም ሒሳብ ስትጠየቁ አትቆጡ። ደረሰኙን ግድግዳ ላይ ለጥፉት፣ ሁሉም ይየው። ሰው የሚያየውን ገንዘብ አምኖ ይጨምርበታል። የተደበቀውን ይጠረጥራል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ግን ከእድሳቱ በኋላ የምናደርገው ነው። ሪባን ይቆረጣል፣ ይጨበጨባል፣ ከዚያ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ እንኳ ይጠፋብናል። ሰው የማይገባበት ቤት የሚያፈስ ጣሪያ ቢኖረው ማን ያያል? በሩን የሚከፍትለት፣ መስኮቱን የሚያናፍስለት፣ ዝናብ በጣለ ማግስት ኮርኒሱን ቀና ብሎ የሚያይለት ሰው በስም ተለይቶ ይመደብ። ተራ እንግባ። ወጣቶች፣ እናንተም ግቡበት፤ የምትለማመዱበት አዳራሽ አጣን ስትሉ እሰማለሁ፣ ያው ተዘግቶ የተቀመጠው የእናንተም ነው።

የድጎማውን መልስ እንጠብቅ፣ እሺ። እስከዚያው ግን አሸንዳው ቅጠል እንደሞላ ነው። ቅዳሜ ጠዋት መሰላል ይዤ እሄዳለሁ። ከታች የሚይዝልኝ ሰው ያስፈልገኛል።