ሽፍታው የእድር ዳኛ

እድር ባለበት አገር ያደገ ሰው የሞተር ሳይክል ወሮበሎችን መተዳደሪያ ደንብ ቢያነብ «ይህንንማ አውቀዋለሁ» ማለቱ አይቀርም። ሊቀመንበር አለ፣ ምክትል አለ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለ። መዋጮ አለ። በሳምንት አንድ ቀን ስብሰባ አለ፤ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ይቀጣል። አባል ሲሞት ሁሉም ነቅሎ ይወጣል። የቀረው ድንኳንና ብረት ድስት ብቻ ነው።

የዚህ እድር ዝነኛው ዳኛ ሶኒ ባርገር ነው። በ1938 (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው) ካሊፎርኒያ ውስጥ ሞዴስቶ ተወለደ። በ16 ዓመቱ በተጭበረበረ የልደት ወረቀት ወታደር ቤት ገባ፤ ከ14 ወር በኋላ ተነቃበትና ተሸኘ። በ1957 ሄልስ ኤንጅልስ የተባለውን የሞተረኞች ክለብ የኦክላንድ ቅርንጫፍ አቋቋመ። በ2022 በ83 ዓመቱ ሲሞት ስቶክተን በሚገኝ የመኪና መወዳደሪያ ሜዳ 7,000 ያህል ሰው ወጥቶ ሸኘው። አድናቂዎቹ የነፃነት ምልክት ይሉታል።

እኛም ብንሆን ሽፍታ በማድነቅ አንታማም። ካሳ ኃይሉ ቋራ በረሃ ሸፍቶ ነው ተመልሶ ቴዎድሮስ የሆነው፤ ቀረርቶውም ቢሆን ለዱር ሰው ያደላል። ስለዚህ «ወንጀለኛ ነውና አይገባውም» ብሎ መዝጋቱ ለእኛ አያምርብንም። ግን የእኛ ሽፍታ ጫካ ሲገባ ቢያንስ ከስብሰባ ያመልጥ ነበር።

የባርገር ነፃነት በወረፋ ነው። ፈላጊው መጀመሪያ ዝም ብሎ ክለቡ ደጃፍ ያንዣብባል። ፊቱ ከተለመደ ለሙከራ ይያዛል፤ ያኔ ቢራ ያመላልሳል፣ የሌሎችን ሞተር ቆሞ ይጠብቃል፣ በእኩለ ሌሊት ሲጠሩት «አቤት» ይላል። ባጭሩ በእናት ጓዳ እንቢ ያለውን መላላክ እዚህ በደስታ ይሠራዋል። እጅጌ የሌላት ሰደርያው ጀርባ ላይ በዚህ ጊዜ የሚሰፋው የታችኛው ጨርቅ ብቻ ነው፤ አባላቱ ድምፅ ሰጥተው ሲያጸድቁት የላይኛው የክለቡ ስምና መሐል ላይ ክንፍ ያላት የራስ ቅል ይጨመሩለታል። ጀርባው ላይ ሌላ ነገር መለጠፍ 100 ዶላር ያስቀጣል። ጨርቁ ደግሞ የግል ንብረት አይደለም፤ የተባረረ እንደ እድር ወንበር ቆጥሮ ይመልሳል። አንደኛው ደንብ «አባላት ዙሪያውን በተቀመጡበት እሳት ውስጥ ፈንጂ መወርወር ክልክል ነው» ይላል። ደንብ ሰው ካጠፋ በኋላ እንደሚወጣ ለሚያውቅ፣ ከዚህ አንቀጽ በፊት የነበረውን የእሳት ዳር ጨዋታ መገመት አይከብድም።

ሞተሩም ቢሆን ለዓይን ነው። ከሩብ ቶን በላይ የሚመዝነውን 1200 ሲሲ ሃርሊ ዴቪድሰን ይወስዱና የፊት ፓራፋንጎውን ይነቅላሉ፣ የነዳጅ ታንኩን በትንሽ ይለውጣሉ፣ የፊት ጎማውን የያዘውን ሹካ ያስረዝማሉ፤ አንዳንዱ የፊት ፍሬኑንም ጭምር ያወጣዋል። አውራ ጎዳና ላይ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ያምራል። ቀስ ብሎ ሲታጠፍ ግን የረዘመው ሹካ መሪውን ወደ አንድ ጎን ይጥለዋል። የኋላ ሞላ የሌለው ቴላዮ ጉድጓዱን ሁሉ ሳይቀንስ ለወገብ ያደርሳል። ታንኩ ትንሽ ነውና ነፃነቱ በየነዳጅ ማደያው ይቆማል። ባርገር ራሱ በ2000 ባሳተመው ግለ ታሪክ የሃርሊን አሠራር አጣጥሎ የጃፓኑን ሆንዳ አመስግኗል፤ በስተርጅናም የሚነዳው ቪክቶሪ የተባለ ሌላ ሞተር ነበር። ሃርሊን የነፃነት ታቦት ያደረጉት ምእመናን ይህን ገጽ ዘለውት መሆን አለበት።

ዐመፀኛነቱን በ1965 እንመዝነው። ያን ጊዜ የባርገር ሰዎች የቬትናምን ጦርነት የሚቃወሙ ሰልፈኞችን ደበደቡ። ቀጥሎ ባርገር ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆንሰን «ከጠላት መስመር ጀርባ እንዝመት» የሚል ደብዳቤ ጻፈ። ጉዳዩ፦ ቬትናም እንድንላክ ስለመጠየቅ። መንግሥትን ከናቁ አይቀር ማመልከቻ ምን ያደርጋል?

እዚህ ድረስ ሳቅ ነው። በታኅሣሥ 1969 ግን ካሊፎርኒያ ውስጥ አልታሞንት ላይ ሮሊንግ ስቶንስ የተባሉት የእንግሊዝ ሮከኞች ወደ 300,000 ሰው በተሰበሰበበት ሜዳ በነፃ ሲዘፍኑ፣ መድረኩ ሥር እንዲቀመጡ የተደረጉት እነዚህ ሰዎች ነበሩ፤ ዋጋቸው 500 ዶላር የሚያወጣ ቢራ እንደነበር በሰፊው ይነገራል። መድረኩ ከፍታው ከወገብ የማይዘል፣ ሕዝቡ የሚገፋ፣ ጠባቂው የሰከረ፣ በእጁም የቢሊያርድ ዱላ። የ18 ዓመቱ ጥቁር ወጣት ሜሬዲዝ ሃንተር ሽጉጥ ቢያወጣ በአንድ የክለቡ አባል ተወግቶ ሞተ። ወጊው ራሱን ተከላክሏል ተብሎ ነፃ ወጣ። ምልክት ነው የሚሉት ሰውዬ ፎቶው ሲሰቀል ይህች ምሽት ሁልጊዜ ከክፈፉ ውጪ ትቀራለች።

ከዚያ በኋላ ባርገር በአደንዛዥ ዕፅና በጦር መሣሪያ ተፈርዶበት እስከ 1977 ታሰረ። በ1988 ደግሞ የተቀናቃኝ ክለብ ቤት በፈንጂ ለማውደም በማሴር ጥፋተኛ ተባለ። ፎቶውን መኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው ሰው ግን የሚገዛው ጢሙን፣ ቆዳውንና መንገዱን ነው፤ የክስ መዝገቡ ከፖስተሩ ጋር አብሮ አይሸጥም።

መሸጥ ካልን፣ ክንፍ ያላት የራስ ቅል የተመዘገበች የንግድ ምልክት ናት። ክለቡ ኮርፖሬሽን አቋቁሟል፤ ጠበቃ አለው። በ2010 አሌክሳንደር ማክኩዊን የተባለው የፋሽን ቤት ይህችን የምትመስል ምስል በቀለበትና በሻርፕ ላይ ቢያወጣ፣ የሕግ ጠላት የተባሉት ሰዎች እየሮጡ ፍርድ ቤት ገቡ፤ ዕቃው ከገበያ እስኪሰበሰብም አልተዋቸው።

ስለዚህ የሰውየው ፍቅር ይዞት ምልክቷን ጃኬቱ ላይ ሊያሰፋ ያሰበ ካለ፣ ልብስ ሰፊው ጋ ከመሄዱ በፊት ያስብበት። ለውጪ ሰው የተፈቀደው «81ን ደግፉ» የሚል ካናቴራ ነው፤ 8 የኤች፣ 1 የኤ ፊደል ተራ ቁጥር ነው፤ ሁለቱ ፊደላት የሄልስ ኤንጅልስ የእንግሊዝኛ ስም መነሻዎች ናቸው። እሱንም የሚሸጡት ራሳቸው ናቸው።