በጣም ይለያል!

እኛ ዘንድ ሁለት ድምፅ ማወዳደር ከባድ ነው፤ ይሉኝታ መሀል ይገባል። ባለቤቱ «እስቲ ስማው፣ አዲስ ዕቃ ነው» ብሎ ላፕቶፑን ሲከፍት፣ እንግዳው ዘፈኑ ሳይጀምር ፈርዷል። «ኧረ በጣም ይለያል!» ይላል ራሱን እየነቀነቀ። ዕቃው ገና አልተሰካም። ቡናው ግን ቶና ላይ ደርሷል፤ በዚህ ሰዓት «ለውጡ አልተሰማኝም» የሚል ሰው በረካውን ሳይጠብቅ ቢሄድ ይሻለዋል።

ዕቃው ዳክ ይባላል፤ ኮንቨርተር የሚሉትም አሉ። ኮምፒውተር ሙዚቃን የሚያውቀው በቁጥር ነው። ሲዲ ላይ ያለ ዘፈን በየሰከንዱ 44,100 ጊዜ ተለክቶ፣ እያንዳንዱ ልኬት በ16 ቢት ተጽፎ፣ ለግራና ለቀኝ ለየብቻ ተቀምጧል። ስፒከር ደግሞ ቁጥር አያነብም፤ ከፍ ዝቅ የሚል ኤሌክትሪክ ነው የሚፈልገው። ይህን የሚተረጉም ቺፕ ላፕቶፑ ውስጥም አለ፤ ሥራውንም ያውቃል። ያስቸገሩት ጎረቤቶቹ ናቸው። ከፕሮሰሰሩ፣ ከፋኑና ከዋይፋዩ ጋር አንድ ሰሌዳ ላይ ተፋፍጎ ስለሚኖር የእነሱ ጫጫታ በግድግዳ ያልፍለታል። ማውስ ሲንቀሳቀስ ጆሮ ላይ ጥዝዝ የሚለው ያ ነው። ዳክ መግዛት ማለት ተርጓሚውን ከዚያ ግቢ አውጥቶ ዩኤስቢ ገመድ ጫፍ ላይ ቤት መከራየት ነው።

ኪራዩ ውድ አይደለም። አፕል ከዩኤስቢ ሲ ወደ 3.5 ሚሊሜትር ጃክ የምትቀይር፣ ጣት የምታህል፣ ውስጧ ዳክ ያለባት ነጭ ገመድ አሜሪካ ውስጥ በ9 ዶላር ይሸጣል። እስከ 24 ቢትና 48,000 ኸርዝ (በሰከንድ 48,000 ልኬት) ትሠራለች፤ ሲለኳት ብዙ እጥፍ ዋጋ ያላቸውን ታሳፍራለች። ችግር የሚመጣው ከዘመድ ነው። «ከአሜሪካ ምን ላምጣልህ?» ብሎ የጠየቀ ሰው የ9 ዶላር ገመድ ሲባል ይከፋዋል፤ ንቀት ይመስለዋል። ስለዚህ ሽቶ፣ ቫይታሚንና ሁለት ጫማ ይዞ ይመጣል፤ ገመዷን ይረሳታል።

ላኪው አውሮፓ ያለ ዘመድ ከሆነ ደግሞ ሞዴሏን ይጠየቅ። ለአሜሪካ የምትሸጠው ኤ2049 እስከ 1 ቮልት ታወጣለች፤ ለአውሮፓ የምትሸጠው ኤ2155 ግን 0.5 ቮልት ላይ ትቆማለች። ልዩነቱ 6 ዴሲቤል ነው፤ የአምፑን (የድምፅ ማጉያውን) ቁልፍ አንድ ሁለት ደረጃ ያስጨምራል። ብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ላይ የአሜሪካዋም ቢሆን ድምፅዋ ዝቅ ይላል፤ ኮምፒውተር ላይ ግን ሙሉ ጉልበቷን ትሰጣለች።

ላፕቶፑ የቆየ ከሆነና ዩኤስቢ ሲ ከሌለው፣ በአንድ ወገን ወንድ ዩኤስቢ ኤ፣ በሌላው ሴት ዩኤስቢ ሲ የሆነች መቀየሪያ ትገባለች። ከዚያ አንድ ጫፉ ትንሿ ጃክ፣ ሌላው ጫፉ ቀይና ነጭ የሆነው ገመድ ወደ አምፕሊፋየሩ ይሄዳል። ኦክስ ወይም ሲዲ የተጻፈበት ቀዳዳ ላይ ይሰካ። ፎኖ የሚለው ለሸክላ ማጫወቻ የተሠራ ነው፤ ደካማውን የመርፌ ምልክት በብዙ እጥፍ ስለሚያጎላ ዳክ ሲሰካበት ዘፋኙ ጉሮሮውን የታነቀ ይመስላል።

ዊንዶውስ 11 ላይ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ሳውንድ ተብሎ ይገባና አዲሱ ዕቃ ይመረጣል። ፎርማቱ 24 ቢት፣ 48,000 ኸርዝ ይደረግና ኦዲዮ ኢንሃንስመንት የሚለው ይጠፋል። አምፑ ዜሮ ላይ እያለ የኮምፒውተሩ ድምፅ 100 ይደረጋል፤ ከዚያ በኋላ ማስጮህም ዝቅ ማድረግም በአምፑ ቁልፍ ብቻ ነው። ቪኤልሲ ከ100 በላይ መሄድ ይፈቅዳል። ስለተፈቀደ ግን 125 ላይ መኖር የለበትም፤ ከጣሪያው ያለፈው የሞገድ አናት ይቆረጣል፣ ከበሮውም እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳል። ይህን «ጉልበት» ብለው የሚያደንቁ አሉ። ሠርግ ቤት ያደጉ ናቸው።

አሁን ጥዝዝታው ሄዷል። አንዳንድ ቤት ግን ሌላ ድምፅ ይቀራል፦ እምምም። ዘፈኑ ሲቆምም አይቆምም። ይሄ የመብራቱ 50 ኸርዝ ነው። ላፕቶፑ በአንድ ሶኬት፣ አምፑ በሌላ ሶኬት ግራውንድ (ወደ መሬት የሚወርደውን ሽቦ) ሲያገኙ፣ በሁለቱ መሀል ያለው ልዩነት በድምፅ ገመዱ መሸፈኛ በኩል መመላለስ ይጀምራል። የዩኤስቢ ገመድም የግራውንድ ሽቦ ስላለው ዳኩ አያግደውም፤ አልሸሹም ዞር አሉ ነው። ቻርጀሩን ነቅሎ በባትሪ ማጫወት ነው ምርመራው፤ እምምታው ከጠፋ በሽታው ታውቋል። መድኃኒቱ ሁለቱንም አንድ ዲቫይደር ላይ መሰካት ነው። እምቢ ካለ ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር የምትባል፣ ውስጧ ሁለት ትንንሽ ትራንስፎርመር ያለባት ሳጥን በዳኩና በአምፑ መሀል ትገባለች፤ ርካሿ ባሱን ትንሽ ታቀጥነዋለች። የሰፈር ባለሙያ ግን መቆንጠጫውን አንስቶ የአምፑን ሦስተኛ እግር፣ የግራውንዱን፣ ይቆርጣል። ድምፁ እውነትም ይጠራል። አንድ ቀን አምፑ ውስጥ ሽቦ ከተላቀቀ ግን የሚጮኸው ቁልፉን የነካው ሰው ነው።

ፋይሉም ያው ፋይል መሆኑ አይረሳ። ከሲዲ የሚወጣው መረጃ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ነው፤ 128 ኪሎቢት ኤምፒስሪ የዚያን አንድ አሥራ አንደኛ ያህል ብቻ ይዟል። «ወደ ፍላክ (ምንም ወደማይጥለው የፋይል ዓይነት) ቀይሬዋለሁ» የሚል ወዳጅ ፍላሹን ሞልቶታል እንጂ የተጣለውን አልመለሰም። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ።

ዋናው ጦርነት ሳሎን ውስጥ ነው። አንዱ ስፒከር ቡፌው ላይ፣ ከሠርግ ፎቶውና ከፕላስቲክ አበባው መሀል ተቀምጧል። ሌላው ቦታ ስላጣ ሶፋው ጀርባ ወርዷል። ሁለቱም ላይ ዳንቴል አለ፤ ጫፉ በስታርች የደረቀ፣ በእጅ የተሠራ፣ ፊት ለፊት ተንጠልጥሎ ትንሿን ስፒከር፣ ትዊተሯን፣ እንደ ሙሽራ የሸፈነ። ቀጭኑን ድምፅ፣ የጸናጽሉን ሹክሹክታና የ«ሰ»ን ጫፍ፣ የምታወጣው እሷ ነች። ዳንቴሉ የጥጥ ክር ነው፤ እየተቀበለ ከፊሉን ያስቀረዋል። ሶፋው ደግሞ ቀሪውን ይውጣል። በሚገባ ሲቀመጡ ሁለቱ ስፒከሮች 2 ሜትር ያህል ይራራቃሉ፣ አድማጩም ከእያንዳንዳቸው 2 ሜትር ይርቃል፤ ትዊተሩ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ልክ ይሆናል። ከማዕዘንም ይወጣሉ፤ ማዕዘን ባሱን ያሳብጠዋል። ዳንቴሉን ማንሳት ከዳኩ የበለጠ ድምፅ ይለውጣል። ዋጋው ግን በዶላር አይተመንም። «እማማ የሠሩልን ነው» የሚል መልስ ለሰጠች ሚስት ስለ ከፍተኛ ድግግሞሽ የሚያስረዳ ባል፣ እማማ በመጡ ቁጥር እየተጎነበሰ መልሶ ማልበሱ አይቀርለትም።

ይሉኝታ የሌለበት ሙከራ የሚፈልግ ሰው፣ ልጁ ከጀርባው ሆኖ ገመዱን ከላፕቶፑ ጃክ ወደ ዳኩ እያፈራረቀ ይሰካ፣ እሱ የትኛው እንደሆነ ይገምት፣ ልጁም ይጻፍ። አሥር ጊዜ። በፊት ግን የሁለቱ ጩኸት እኩል ይደረግ፤ ጆሮ በጥቂቱ የጮኸውን ብዙ ጊዜ «ይሻላል» ይለዋል። አሥር ላይ አምስት ያገኘ ሰው የድሮው ላፕቶፑ ጎረቤቶች ጨዋ ናቸው፤ ገንዘቡን ለስፒከር ያስቀምጥ።

ሁሉ ነገር የተስተካከለለት ባለቤት፣ ጾም ገብቷልና በገና ይከፍታል። በገና የሚነዝረው በብርኩማው (ጅማቶቹ በሚያርፉበት) እና በጅማቱ መሀል በምትገባው እንዚራ በምትባል የቆዳ ቁራጭ ነው፤ ጅማቱ በተመታ ቁጥር ቆዳዋን እየነካካ ይንዘረዘራል። ዳንቴሉ ስር ይህ ሁሉ እንደ ንብ ቀፎ ተደባልቆ ነበር። አሁን አሥሩም ጅማቶች ለየብቻ፣ እያንዳንዱ በየነዘሩ ይሰማል። እንግዳው ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን መነቅነቅ ያቆማል። ሲኒውን ያስቀምጣል፣ ጆሮውን ወደ ስፒከሩ ያስጠጋል፣ ይሉኝታውንም ይተዋል።

«እኔ የምልህ፣ ይሄ ስፒከር ተቀዷል መሰለኝ።»