የዴንቨር ወይን ዓመት ይጠብቃል፣ የደሴ ጠጅ ሰርጉን

ዴንቨር ያለው ጎረቤቴ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፣ ምድር ቤቱ ውስጥ የኮክ ወይን ይጥላል። ኮኩን በጋ ማለቂያ ላይ ይገዛል፣ ከፓሊሴድ የሚመጣውን። ፓሊሴድ በኮሎራዶ ምዕራብ ያለች፣ በኮክ ስሟ የወጣ ትንሽ ከተማ ናት። ፍሬውን ሰንጥቆ አጥንቱን ያወጣል፣ አብሮ ከገባ ይመራል። ስኳር፣ ውሃና የወይን እርሾ ይጨምርበታል። ሳምንት ያህል ሲንተከተክ ይቆይና ወደ ትልቅ ጠርሙስ ይገለበጣል፣ ጋዝ የሚያስወጣ አየር የማያስገባ ክዳን ይገጠምለታል።

ከዚያ መጠበቅ ነው። በየሁለት ሦስት ወሩ ወርዶ ወይኑን ከአተላው ላይ በላስቲክ ቱቦ እየሳበ ወደ ሌላ ጠርሙስ ያዞረዋል። ሃይድሮሜትር የምትባል የብርጭቆ ዘንግ አለችው፣ እሷን ወይኑ ውስጥ አንሳፍፎ ስኳሩ ምን ያህል እንደቀረ ያያል። ቁጥሩ ለቀናት ካልተነቃነቀ ፍላቱ አልቋል ማለት ነው። ያም ሆኖ ዓመት ሳይሞላው ለሰው አይሰጥም። ሕጉም አያስቸግረው፤ በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ሁለት አዋቂ ያለበት ቤት ካልሸጠው በስተቀር በዓመት እስከ 200 ጋሎን፣ ወደ 757 ሊትር መሆኑ ነው፣ ያለ ግብር መጥመቅ ይችላል።

ትዕግሥቱን አደንቃለሁ። ግን «ለማን ነው?» ስለው፣ «ሲደርስ አስብበታለሁ» ይለኛል።

ደሴ ይሄ ጥያቄ ራሱ አይነሳም። ሆጤ ያለችው አክስቴ ማር የምትገዛው ሰርጉ ተቆርጦ፣ ተጠሪው ታውቆ ነው። ከሰርጉ ቀን ወደ ኋላ ትቆጥራለች። ብርዱም ይቆጠራል፤ ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 አካባቢ። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደህ ኮምቦልቻ ስትገባ ጃኬትህን ታወልቃለህ፣ ጠጁም እንደዚያው ነው፣ እዚያ ቶሎ ይፈላል። ደሴ ላይ እርሾው ብርድ ይዞት ስለሚንቀራፈፍ አክስቴ በርሜሉን በአሮጌ ብርድ ልብስ ትጠቀልለውና ከምድጃው አጠገብ ታስጠጋዋለች። ማታ ማታ ክዳኑን ገለጥ አድርጋ ጆሮዋን ታስጠጋለች። «ገና ነው፣ እየተነጋገረ ነው» ትላለች። የእሷ ሃይድሮሜትር ጆሮዋ ነው፣ አፍንጫዋም ይረዳታል።

ከሁሉ በላይ የምወደው ግን ሌላ ነገር ነው። ከዚያው ከገዛችው ማር ከፈሉ ሳይነካ ይቀመጣል። ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ብርዝ የሚሆን ነው። ጌሾ አይነካውም፣ ጠጅ የያዘ ዕቃም አይነካውም፤ የሚበጠብጡትም ጎረቤት ሙስሊም እናቶች ናቸው፣ በራሳቸው ዕቃ፣ እርዳቸውም ምግባቸውም ለብቻ በሚሰናዳበት ድንኳን። ጠጁ ካልሰነበተ ጠጅ አይሆንም። ብርዙ ደግሞ ከሰነበተ ይፈላና አይጠጣም፣ ትኩስ በትኩሱ መቅረብ አለበት። አንዱ ማር ሳምንታት ሲጠብቅ ሌላው በዕለቱ ተበጥብጦ ሁለቱም በአንድ ቀን ለአንድ ሰርግ ይደርሳሉ። እንዲህ ያለ የጊዜ አያያዝ ዴንቨር ላይ አላየሁም፣ እዚያ ማን ምን እንደሚጠጣ የሚያስብልህ ጎረቤት የለህማ።

የሚከፋኝም አለ። ቀን የተቆረጠለት መጠጥ ይጣደፋል። ማር በተወደደ ቁጥር ስኳሩ ይበዛል፣ ቀለም ይገባል፣ ያልደረሰው ጉሽ «ደርሷል» ተብሎ ይቀዳል፣ በማግስቱ እንግዳው ሁሉ ራሱን ይዞ ይውላል። አክስቴ እንዲህ አታደርግም፣ ብዙ ቤት ግን እየሆነ ያለው ይሄ ነው። እዚህ ላይ የጎረቤቴን ትዕግሥት ብንወስድ ደስ ይለኛል። ኮክ እኛም ጋ አለ። በወቅቱ ገበያ ላይ ተከምሮ፣ ገዢ ያጣው እየላሸቀ ሲጣል ያንገበግባል። የሚጠጣ ቤት ከሚጣለው ላይ ጥቂቱን ወይን ጠምቆ ለሚቀጥለው ዓመት ጥምቀት ቢያስቀምጥ ምን ይጎዳዋል? የተጠመቀ ነገር ለወራት ማስቀመጥ አልለመድንም እንጂ ብርዱ ራሱ ያግዘናል። ጎረቤቴ ምድር ቤቱን የመረጠው ለቅዝቃዜው ነው፣ ደሴ ላይ ቅዝቃዜው በነፃ ነው።

ለአክስቴ ነገርኳት። «ዓመት ሙሉ ቤት ተቀምጦ፣ እንግዳ መጥቶ የለም ልበል?» አለችኝ። እንግዳ መጥቶ የለም ማለት እሷ ቤት አይታሰብም። ስለዚህ ተስማማን፣ አንዱን ጠርሙስ ጎረቤት ቤት እናስቀምጠዋለን።

መሞከር የምትፈልጉ ካላችሁ አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። እየፈላ ያለውን ጠርሙስ በቡሽ አትጠርቅሙት፣ ጋዙ ያፈነዳዋል። ክፍቱንም አትተዉት፣ አየር ከገባው አቼቶ ይሆንባችኋል። ክዳኑን በስታችሁ ቀጭን ቱቦ አስገቡበት፣ ዙሪያውን በሰም ድፈኑ፣ የቱቦውን ጫፍ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ንከሩት። አረፋው ብቅ ብቅ ማለቱን እስኪያቆም አትነካኩት።