ሲግናል ያጣው ቆጣሪ

ባሕር ዳር ቤት የሚከራይ ሰው ድሮ የሚጠይቀው ውኃ በሳምንት ስንቴ እንደሚመጣ ነበር። አሁን ስለ መብራት ቆጣሪው ሌላ ጥያቄ ተጨምሮበታል፦ «ቆጣሪው ስማርት ነው ወይስ ደህና ነው?»

የእኛው ስማርት ነው። ሽምብጥ ሰፈር፣ አራት ተከራይ፣ አንዲት አከራይ፣ አንድ ቆጣሪ። ሲወራ ነገሩ ሸጋ ነበር። ሆዱ ውስጥ ሲም ካርድ አለው፤ የቆጠረውን በሞባይል ኔትወርክ ራሱ ለመብራት ኃይል ቢሮ ይልካል። አንባቢ በር አያንኳኳም፣ ውሻ አይጮኽም። አከራያችን እትዬ ግን «ይህን የሚያህል ዕቃ እንዲሁ ግድግዳ ላይ!» ብለው የላሜራ ሳጥን አሠሩለትና ቆለፉበት። ብረት ደግሞ ሲግናል ያፍናል። ከዚያ ወዲህ ቆጣሪውና ቢሮው ተኳርፈዋል።

የእሱ ኩርፊያ ግን ልዩ ነው። ማውራት እንጂ መቁጠር አላቆመም። ኔትወርክ ኖረም አልኖረም ይለካል፣ ይመዘግባል፤ መስመር ያገኘ ዕለት ሁሉንም ዘክዝኮ ይናገራል። እንዲህ ያለ ቂመኛ ጎረቤት አያድርስ።

ቢሮ ሄድኩ።

«ቆጣሪያችሁ ሲስተም ላይ አይታይም» አለችኝ ልጅቷ።

«ግድግዳ ላይ ይታያል» አልኳት።

«እንግዲያው ቁጥሩን ፎቶ አንሡና በቴሌግራም ላኩልን።»

አንባቢው ቀረ ሲባል እኔ ተቀጠርኩ፤ ያውም ያለ ደመወዝ። ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ የሳጥኑ ቁልፍ ይለመናል። ከእትዬ ማተብ ጋር ነው የታሰረው። ከዚያ ዱካ ላይ መቆም፣ የሸረሪት ድር መጥረግ፣ የስልክ ባትሪ ማብራት። የቆጣሪው መስኮት ደግሞ አይረጋም። ቀኑን ያሳያል፣ ቀጥሎ ሰዓቱን፣ ቀጥሎ ማንም የማያውቀውን ነገር፤ ኪሎዋቱን ብልጭ ያደርግና እንደገና ወደ ቀኑ። ስልኬ የቀን ፎቶ ብቻ ሞልቶታል። ቢሮው ዛሬ ስንት እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቃል።

ደግሞ ታሪፉ እርከን አለው። በወር የተጠቀማችሁት በበዛ ቁጥር የኪሎዋቱ ዋጋም ይወጣል። አራት ቤት ባንድ ቆጣሪ ሲጠቀም፣ አንዲት አምፖል ያለችውም ተጎትታ ላይኛው እርከን ላይ ትወጣለች። ስለዚህ ግቢው ምርመራ ላይ ነው። ማክሰኞ ማን ጋገረ? የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲጣድ መብራቱ ደብዘዝ ስለሚል ምስክር አይጠፋም። ላጤው ልጅ «እኔ ስልክ ብቻ ነው ቻርጅ የማደርገው» ይላል። ማታ ማታ ከክፍሉ የሚወጣው የሽሮ ሽታ ግን ከስልክ አይመጣም።

የሚያናድደው የምንኖርበት ቦታ ነው። ከጨረጨራ ግድብ የሚለቀቀው የጣና ውኃ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ጢስ ዓባይ ላይ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ መብራት ያመነጫል። በምዕራብ በኩል ደግሞ በዋሻ ተጉዞ 460 ሜጋዋት አቅም ያለውን የጣና በለስ ማመንጫ ያንቀሳቅሳል፤ እሱም በ2002 ዓ.ም. ነው የተመረቀው። ሐይቁ ይህን ሁሉ የሚልከው ያለ ሲም ካርድ ነው። የእኛው ቆጣሪ ጥቂት አሃዝ ከሽምብጥ መሐል ከተማ ማድረስ አቅቶታል። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኼው ነው።

በስንት ምልጃ ቴክኒሻን መጣ። ሳጥኑን በጣቱ ኳ ኳ አደረገና ሳቀ። «ቀላል ነው፤ ሳጥኑን በስተን አንቴናውን ወደ ውጭ እናወጣዋለን።»

እትዬ ሳጥናቸው ሊበሳ ነው ብለው ሊቆጡ ነበር። ድንገት ሌላ ነገር ትዝ አላቸው።

«ልጄ፣ ሲግናሉን ሲያገኝ የእስካሁኑን ምን ያደርገዋል?»

«ያጠራቀመውን ባንዴ ይልከዋል፣ እማማ።»

ግቢው ጸጥ አለ። የምጣዷ ባለቤት ላጤውን አየችው፤ ላጤው እኔን አየኝ።

«ኧረ ይቅርብን» አሉ እትዬ፤ «ዝናብ ይገባበታል።»

«በጣም ይገባል!» አልን ሁላችን። በኪራይ፣ በውኃ፣ በሽንት ቤት ቁልፍ ተስማምተን አናውቅም። ቴክኒሻኑ መሰርሰሪያውን ወደ ቦርሳው ሲመልስ ላጤው ራሱ እየሮጠ ሄዶ ከሰል አቀጣጠለ። ቡናው በከሰል ነበር የተፈላው፤ ያን ቀን ስቶቭ የሚሰካ ሰው አልተገኘም።